ፍራንሲስ ጋልተንና የመሀሉ እኩሌታ

በቅደም ተከተል ከተደረደሩ ቁጥሮች ዝቅተኛውን ሩብና ከፍተኛውን ሩብ ወደ ጎን ትቶ፣ በመሀል የቀረው እኩሌታ ምን ያህል ስፋት እንዳለው መለካት ዛሬ በትምህርት ቤት የሚሰጥ ቀላል ስሌት ነው። ይህ መለኪያ በሥራ ላይ እንዲውል ከማንም ይበልጥ የጣረው ግን በሒሳብ ሊቅነት የማይታወቅ፣ ሕክምና ጀምሮ የተወ፣ ኋላም አገር አሳሽ የሆነ እንግሊዛዊ ነበር።

ፍራንሲስ ጋልተን የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1822 ዓ.ም. በበርሚንግሃም አቅራቢያ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የቻርለስ ዳርዊን የአክስት ልጅ ነው። በካምብሪጅ ሒሳብ ሲማር ጤናው ስለ ታወከ የክብር ማዕረግ ሳያገኝ ተራውን ዲግሪ ይዞ ወጣ። በ1844 አባቱ ሲሞት ከፍ ያለ ሀብት ወረሰና ከዚያ በኋላ ለእንጀራ ብሎ መሥራት አላስፈለገውም። በዓባይ ሽቅብ እስከ ካርቱም ተጓዘ፤ ከ1850 እስከ 1852ም ዛሬ ናሚቢያ የምትባለውን አገር ዞሮ ካርታዋን በማንሳቱ ከእንግሊዝ የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ።

ጋልተን ያገኘውን ሁሉ መቍጠርና መለካት ልማዱ ነበር። በ1884 በለንደን በተከፈተው የጤና ኤግዚቢሽን ላይ ባቋቋመው የመለኪያ ክፍል ሦስት ሦስት ፔኒ እየከፈሉ ቁመታቸውን፣ ክብደታቸውን፣ የእጃቸውን ኃይልና የዓይናቸውን ጥራት ያስለኩ ሰዎች 9,337 ነበሩ። ሰው ገንዘብ ከፍሎ መረጃ እንዲሰጥ ማድረግ የዛሬው የስታትስቲክስ ባለሙያ ሊቀናበት የሚገባ ብልሃት ነው።

ኳርታይሎችን ለመረዳት ግን ቀደም ብሎ በ1875 ያቀረበውን ሐሳብ ማየት ይበጃል። አንድን የሰዎች ስብስብ ለመግለጽ እያንዳንዱን መለካት የግድ አይደለም። ሰዎቹ በቁመት ቅደም ተከተል ቢሰለፉ በሰልፉ እኩሌታ ላይ የቆመው ሰው የስብስቡን መካከለኛ ልክ ያሳያል፤ በአንደኛውና በሦስተኛው ሩብ ላይ የቆሙት ሁለት ሰዎች ደግሞ ስብስቡ ምን ያህል የተራራቀ እንደ ሆነ ያመለክታሉ። እንግዲህ ሦስት ሰው ብቻ ለክቶ ስለ ሺህ ሰው መናገር ይቻላል ማለት ነው። በ1882 በአንድ የልኬት ኮሚቴ ዘገባ ላይ በሁለቱ ኳርታይሎች መካከል ላለው ርቀት ዛሬም የሚጠራበትን ስም ሰጠው።

የዚህ ዘዴ ከሁሉ የጠራው ምሳሌ የመጣው በ85 ዓመቱ፣ በ1907 ነው። በፕሊማዝ ከተማ በተደረገ የከብት ትርኢት ላይ አንድ የሰባ በሬ ቀርቦ፣ ታርዶና ተገፎ ሥጋው ምን ያህል እንደሚመዝን ተመልካቹ ስድስት ስድስት ፔኒ እየከፈለ እንዲገምት ተደረገ። ጋልተን የግምት ወረቀቶቹን ተውሶ ሊነበቡ የሚችሉትን 787 በቅደም ተከተል ደረደራቸው። በተለመደው ስሌት በ787 ላይ አንድ ተጨምሮ ለአራት ሲካፈል 197 ይሆናል። ስለዚህ 197ኛው ግምት የታችኛው ኳርታይል፣ 394ኛው መካከለኛው፣ 591ኛው የላይኛው ኳርታይል ነው። በሠንጠረዡ ላይ የታችኛው 1,162፣ መካከለኛው 1,207፣ የላይኛው 1,236 ፓውንድ ሆኖ ተመዝግቧል። ከ1,236 ላይ 1,162 ሲቀነስ 74 ይቀራል፤ የገማቾቹ እኩሌታ በ74 ፓውንድ ስፋት ውስጥ ተጠጋግቶ ነበር ማለት ነው። ከመካከለኛው ወደ ታች ያለው ርቀት 45፣ ወደ ላይ ያለው 29 መሆኑም ግምቶቹ በሁለቱ ወገን እኩል እንዳልተበተኑ ያሳያል።

በሬው 1,198 ፓውንድ መዘነ። ጋልተን መካከለኛውን የመረጠው አንድ ግድ የለሽ ሰው ሁለት ሺህ ወይም ሃያ ሺህ ብሎ ቢጽፍ የሰልፉ መሀልም ሆነ ኳርታይሎቹ ከቦታቸው ስለማይነቃነቁ ነው፤ አማካይ ግን ይናጋል። ለካሣ መጠን የሚቀመጡ የዳኝነት ሸንጎዎችም በዚሁ መንገድ ቢወስኑ ይሻላል የሚል እምነት ነበረው። ይሁን እንጂ አማካዩ ምን ያህል እንደ ሆነ ተጠይቆ ሲያሰላው 1,197፣ ማለትም ከእውነተኛው በአንድ ፓውንድ ብቻ የራቀ ሆኖ ተገኘ።

ነገር ግን በበሬው ላይ ያሳየውን ጥንቃቄ በሰው ላይ አላሳየም። በ1869 ስለ ዘር ውርስና ስለ ሊቅነት ባሳተመው መጽሐፍ ሰዎችን በአእምሮ ደረጃ ከፋፍሎ፣ ጥቁሮችን ከእንግሊዛውያን በሁለት ደረጃ ዝቅ አድርጎ መደባቸው። ለዚህ ምደባ በቂ ልኬት አልነበረውም፤ የመንገደኞች ወሬና በጉዞው ያደረበት አስተያየት ግን እንደ ማስረጃ ተቈጠሩለት። በ1883 ደግሞ የሰውን ዘር እንደ ከብት በምርጫ ማራባት ይገባል ለሚለው ትምህርት ዩጄኒክስ የሚል ስም አወጣ። አንድ ሰው በሰልፍ የያዘው ቦታ በዚያ ሰልፍ ውስጥ የት እንደ ቆመ ከመናገር አልፎ ስለ ዋጋው ምንም እንደማይናገር ከእርሱ የተሻለ ሊያውቅ የሚገባው አልነበረም።

በ1909 የሰርነት ማዕረግ ተቀብሎ በጃንዩዌሪ 1911 ሲሞት ልጅ አልነበረውም። ሀብቱን ለለንደን ዩኒቨርሲቲ የዩጄኒክስ ወንበር እንዲቋቋምበት ተናዘዘ፤ የመጀመሪያው ፕሮፌሰርም ካርል ፒርሰን ሆነ። ስሙን ይዞ የኖረው የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የትምህርት አዳራሽ በ2020 ስሙ ተነሥቶለታል።