ኤድዊን አርምስትሮንግ፦ ሬዲዮን ከጩኸት ያጠራው መሐንዲስ

በመኪናም ሆነ በእጅ ስልክ የኤፍ ኤም ሬዲዮ የሚከፍት ሰው ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው መስመር ላይ የጠራ ድምፅ መስማቱን እንደ ተራ ነገር ይቆጥረዋል። መብረቅ ሲበርቅ ወይም በአቅራቢያው የኤሌክትሪክ ሞተር ሲነሣ ንግግሩ በጩኸት አይዋጥም። ይህን ጥራት ያስገኘው አሜሪካዊው መሐንዲስ ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ ነው። አርምስትሮንግ ሞገድን ከሚያውክ ነገር ሁሉ ጋር ዕድሜውን ሙሉ ታግሎ አሸንፏል፤ በፍርድ ቤት ከገጠሙት ባላንጣዎች ጋር ያደረገው ትግል ግን ሕይወቱን አስከፍሎታል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አርምስትሮንግ ዲሴምበር 18 ቀን 1890 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ በጠና ታምሞ ሁለት ዓመት ያህል ትምህርቱን በቤቱ ተከታተለ። ቤተሰቡ ከሃድሰን ወንዝ ዳር ወደምትገኘው ዮንከርስ ከተዛወረ በኋላ፣ ወጣቱ በቤቱ የላይኛው ክፍል የሬዲዮ መሣሪያዎቹን አደራጀ። በ1910 ደግሞ 125 ጫማ፣ ማለትም 38 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የአንቴና ምሰሶ በግቢው ውስጥ አቆመ። በዚያን ጊዜ እርሱ አማተር ነበር፤ አማተር የሚባለው ለደመወዝ ሳይሆን ለዕውቀትና ለፍቅር ብሎ ሬዲዮ የሚሠራ ሰው ነው።

በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በ1912፣ የመጀመሪያው ታላቅ ግኝቱ ተሳካለት። ኦዲዮን ከሚባለው የቫኪዩም ቱቦ ከሚወጣው ምልክት ጥቂቱን ወደ መግቢያው ሲመልሰው፣ በጭንቅ ይሰማ የነበረው የሩቅ ጣቢያ ድምፅ በብዙ እጥፍ ጎላ። በ1913 በምሕንድስና ተመረቀ፤ በተከታዩ ዓመትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። የኦዲዮን ፈልሳፊ ሊ ደ ፎረስት ግን ግኝቱ የእኔ ነው ብሎ ተነሣ፤ ክርክሩም ለረጅም ዓመታት ተጓተተ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አርምስትሮንግ በአሜሪካ ጦር የመገናኛ ክፍል መኮንን ሆኖ ወደ ፓሪስ ተላከ። እዚያም በ1918 ሱፐርሄትሮዳይን የተባለውን መቀበያ ፈጠረ። መቀበያው ከአየር የመጣውን ሞገድ በውስጡ ከሚያመነጨው ሌላ ሞገድ ጋር ያደባልቃል፤ ከሁለቱ ልዩነት የሚወለደውን ሦስተኛ ሞገድ ደግሞ አጥርቶ ያጎላዋል። ይህ ዘዴ ለቀጣዮቹ የሬዲዮና የቴሌቪዥን መቀበያዎች መሠረት ሆነ።

ከሁሉም በላይ ያስቸገረው ግን የአየር ጩኸት ነበር። ኤ ኤም በሚባለው አሠራር ድምፁ የሚጫነው በሞገዱ ጉልበት ከፍታና ዝቅታ ላይ ነው። መብረቅና የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚያውኩትም ይህንኑ ጉልበት ስለሆነ፣ መቀበያው ጩኸቱን ከመልእክቱ መለየት ይቸግረዋል። አርምስትሮንግ ጉልበቱ እንዳለ ሆኖ የሞገዱ ድግግሞሽ እንዲለዋወጥ አደረገ። ጆን ካርሰን የተባለው የሒሳብ ሊቅ በ1922 ይህ መንገድ ጥቅም እንደሌለው በስሌት አሳይቶ ነበር፤ ስሌቱ ግን የተመሠረተው ሞገዱ በጠባብ ስፋት ውስጥ ይወሰናል በሚል ግምት ላይ ነበር። አርምስትሮንግ ስፋቱን ባሰፋው ጊዜ ጩኸቱ ጠፋ። በዲሴምበር 1933 የኤፍ ኤም የፈጠራ መብቶቹን አገኘ።

አሠራሩን በአደባባይ ያሳየው ኖቬምበር 5 ቀን 1935 በኒው ዮርክ በተደረገ የሬዲዮ መሐንዲሶች ስብሰባ ላይ ነው። ስርጭቱ የመጣው ከታላቅ ኩባንያ ሳይሆን በዮንከርስ ከሚገኝ የአማተር ወዳጁ ጣቢያ ነበር። በኋላም በአልፓይን፣ ኒው ጀርሲ፣ በገዛ ገንዘቡ የራሱን ማሰራጫ ገነባ።

የእርሱ ሁለት ግኝቶች ዛሬም በአማተሮች ሪፒተር ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ሪፒተር በተራራ ወይም በፎቅ ጫፍ ተተክሎ ደካማውን የእጅ ሬዲዮ ድምፅ እየተቀበለ በኃይል መልሶ የሚያሰራጭ ጣቢያ ነው። የሚያጋጥመውን እውክታ ለማወቅም የአርምስትሮንግን ሥራ መረዳት ይጠቅማል። ለምሳሌ በአሜሪካ በ146.34 ሜጋኸርዝ የሚቀበልና በ146.94 የሚያሰራጭ ሪፒተር አለ እንበል። በአቅራቢያው በ600 ኪሎኸርዝ የሚሠራ ኃይለኛ የኤ ኤም ጣቢያ ካለ፣ የሁለቱ ማሰራጫዎች ሞገድ በምሰሶው የዛገ መጋጠሚያ ላይ ሊደባለቅ ይችላል። ከ146.94 ላይ 0.6 ሲቀነስ ውጤቱ በትክክል 146.34 ነው። በፓሪስ ሆን ተብሎ የተሠራው ድብልቅ እዚህ በዝገት ሳይታሰብ ተወለደ ማለት ነው። ኤፍ ኤም በተፈጥሮው የበረታውን ሞገድ ተቀብሎ ደካማውን ስለሚተው፣ ድብልቁ ከበረታ የተጠቃሚዎቹን ድምፅ ይሸፍናል፤ ሪፒተሩም ማንም ሳይናገር እያሰራጨ ይቀራል።

ጥንቁቅ ባለሙያ አስቀድሞ የሪፒተሩን ማሰራጫ ያጠፋል፤ እውክታው አብሮ ከጠፋ የራሱ ሞገድ የድብልቁ ተካፋይ ነው። ቀጥሎ በመቀበያው መግቢያ ላይ ምልክትን በታወቀ መጠን የሚቀንስ መሣሪያ ያስገባል። እውክታው በዚያው መጠን ብቻ ከቀነሰ ድብልቁ የሚፈጠረው በውጭ ነው፤ መፍትሔውም ዝገቱን መጥረግና መጋጠሚያውን ማጥበቅ ነው። ከዚያ እጅግ በልጦ ከቀነሰ ግን ድብልቁ በመቀበያው ውስጥ ስለሆነ ማጣሪያ ያስፈልገዋል።

የሰው እውክታ ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈታም። በ1934 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያውን ግኝት ለደ ፎረስት ፈረደ። አርምስትሮንግ ቀደም ሲል የተሸለመውን ሜዳልያ ለመሐንዲሶቹ ማኅበር ሊመልስ ቢሞክር፣ ማኅበሩ አልቀበልም ብሎ ክብሩን አጸናለት። በ1945 የመንግሥት ተቆጣጣሪው አካል ኤፍ ኤምን ከቀድሞ መስመሩ አንሥቶ ዛሬ ወዳለበት ሲያዛውረው፣ አስቀድሞ የተሸጡት መቀበያዎች ከጥቅም ውጭ ሆኑ። በ1948 አርሲኤ የተባለውን ታላቅ ኩባንያ የፈጠራ መብቴን ያለ ክፍያ ተጠቅሟል ሲል ከሰሰ። ሙግቱ ገንዘቡንና ጤናውን አሟጠጠ፤ በጃንዋሪ 1954 መጨረሻ፣ በ63 ዓመቱ፣ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ።

ባለቤቱ ማሪዮን የጀመረውን አልተወችም። በዚያው ዓመት አርሲኤ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ታረቀ፤ የመጨረሻውም ክስ በ1967 በድል ተዘጋ። የአልፓይን ምሰሶ ዛሬም ቆሟል። በሴፕቴምበር 2001 የኒው ዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ከነአንቴናዎቻቸው ሲወድሙ፣ ከከተማይቱ ጣቢያዎች አንዳንዶቹ ስርጭታቸውን የቀጠሉት ከዚያ ምሰሶ ላይ ነበር።