ቅዱስ ያሬድ፦ የእግዚአብሔር ምርጫና የሰው ፈቃድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ስለ ድኅነት በምንወያይበት ጊዜ ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። ይኸውም እግዚአብሔር ማን እንደሚድንና ማን እንደሚጠፋ ዓለም ሳይፈጠር ካወቀ፣ የእኛ መጾም፣ መጸለይና መድከም ምን ይጠቅማል የሚለው ነው። ጥያቄው ከመጽሐፍ ገጽ ላይ ብቻ የሚገኝ አይደለም። እዚሁ ሰሚት፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም ደረጃ እየወጣን እየወረድን አብረን ያደግን አንድ ወንድም አለኝ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና አብረን ተፈተንን። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ሁሉ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ እንደ ነበሩ ታስታውሳላችሁ። እኔ አለፍሁ፤ እርሱ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ከጉባኤያችን ቀረ። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ እግዚአብሔር የሚመርጠውን አስቀድሞ መርጦ እንደ ጨረሰ፣ እርሱም ከተመረጡት ወገን እንዳልሆነ አምኖ መቀመጡን ነገረኝ። እኔም በርታ ከማለት በቀር የምመልስለት ቃል አጥቼ ተለየሁት።

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ዝም ያሰኘኝ የዕውቀት ማነስ ብቻ አልነበረም። እርሱ ራሱን እንዳልተመረጠ ሲቆጥር፣ እኔ በልቤ ራሴን እንደ ተመረጠ ቆጥሬ ነበር። የእርሱ ተስፋ መቁረጥና የእኔ ትዕቢት ከአንድ ሥር የበቀሉ መሆናቸውን የተረዳሁት የማኅሌታይ የቅዱስ ያሬድን ሕይወት እንደ ገና ባነበብሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ብታውቁትም ከዚህ ጥያቄ ጋር አያይዤ ባጭሩ አቀርብላችኋለሁ።

ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በልማድ እንደሚነገረው በ505 ዓ.ም.፣ በአክሱም ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ስለ ሞተ እናቱ ለዘመዷ ለመምህር አባ ጌዴዎን ሰጠችው። አባ ጌዴዎን በአክሱም ጽዮን የሚያስተምር የታወቀ ሊቅ ነበረ። ሕፃኑ ግን ትምህርት አልገባው አለ። መምህሩ ቢመክረውም፣ ቢቈጣውም፣ ቢገርፈውም የዛሬውን ነገ ይረሳው ነበር። ባልንጀሮቹ እርሱን እየቀደሙት አለፉ፤ ይሥቁበትም ጀመር። በዚያን ጊዜ ያሬድን ያየ ሰው ሁሉ ይህ ልጅ ለመጽሐፍ አልተፈጠረም ብሎ ቢፈርድ የሚደንቅ አይሆንም። ያሬድ ራሱም በራሱ ላይ እንዲሁ ፈርዶ ከመምህሩ ቤት ኰበለለ።

ከአክሱም ወጥቶ ሲሄድ ማይ ኪራህ በምትባል ውኃ ባለባት ስፍራ ደረሰ። በዚያም ደክሞት ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ዐረፈ። ዐይኑንም ቢያነሣ አንድ ትል የዛፉን ፍሬ ለመብላት በግንዱ ላይ ሲወጣ አየ። ትሉ ጥቂት ይወጣና ይወድቃል፤ ደግሞ ይነሣና ይወጣል፤ ደግሞም ይወድቃል። ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ከፍሬው እንደ ደረሰ በትውፊት ይነገራል። ያሬድም ይህን አይቶ አለቀሰ፤ ከዚህ ትል አነስሁን ብሎም ራሱን ወቀሰ። ከዚያም ተነሥቶ ወደ ሸሸበት ቤት ተመለሰ፤ በመምህሩም እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ለመነ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። ያ ትል ለያሬድ አንዲት ፊደል እንኳ አላስተማረውም። በዚያ ዛፍ ሥር ከእርሱ በፊትም ከእርሱ በኋላም ብዙ መንገደኛ ዐርፎ ይሆናል፤ በግንድ ላይ የሚወጣና የሚወድቅ ትልም ለማንም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ያሬድ ሊያየውና ዐይኑን ጨፍኖ ሊተኛ ይችል ነበር፤ ወይም መንገዱን ሊቀጥል ይችል ነበር። የያዘው ሰንሰለት፣ ወደ ኋላ የሚገፋውም እጅ አልነበረም። ወደ አክሱም መመለስ ማለትም ወደ ጅራፉ፣ ወደሚሥቁበትም ልጆች መመለስ ማለት ነው። ተመለሰ፤ መመለሱም የራሱ የያሬድ ነው።

ነገር ግን ሌላውንም ወገን እንመልከት። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ስፍራ፣ ልቡ በተሰበረ ሕፃን ፊት ያን ትል ያቆመው ማን ነው? ትሉስ ቢሆን ዛፉን አልተከለም፤ ፍሬውንም አላፈራም። የተዘጋጀለትን ፍሬ ለመቅመስ ወጣ እንጂ በመውጣቱ ፍሬን አልፈጠረም። እንደዚሁም ያሬድ ከተመለሰ በኋላ መምህሩ ጸለየለት፤ እግዚአብሔርም ልቡናውን ከፈተለት። ቀድሞ በዓመታት ያልያዘውን መዝሙረ ዳዊት፣ ብሉያትንና ሐዲሳትንም በጥቂት ጊዜ አጠና፤ የዲቁናንም ማዕርግ ተቀበለ። ጸጋ ቀድሞ ጠራው፤ ፈቃዱ መለሰ፤ ጸጋም ፈጸመለት። ከእነዚህ አንዱን ብናወጣ ታሪኩ ይፈርሳል።

ያሬድ ገና ወጣት በነበረበት በዚያው ዘመን በምዕራቡ ዓለም ያሉ ክርስቲያኖች በዚሁ ጉዳይ ላይ ይከራከሩ ነበር። ከብሪታንያ የመጣው ጲላግዮስ ሰው በተፈጥሮው ባለው ኀይል ትእዛዛትን ሊፈጽም ይችላል ብሎ አስተማረ። በሰሜን አፍሪካ የሂጶ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው አውግስጢኖስ ደግሞ ያለ ጸጋ ሰው ከቶ በጎ ማድረግ አይችልም በማለት ተቃወመው። የጲላግዮስ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ418 በካርታጎ ጉባኤ ተወገዘ። ክርክሩ ግን አላቆመም፤ እ.ኤ.አ. በ529 በዛሬዪቱ ፈረንሳይ ደቡብ በምትገኘው በኦራንዥ የተሰበሰቡ ጳጳሳት ጸጋ የሰውን ፈቃድ እንደሚቀድም ወሰኑ፤ እግዚአብሔር ሰዎችን ለክፉ አስቀድሞ ወስኗል የሚለውንም አወገዙ። በ16ኛው መቶ ዓመት ካልቪን ተነሥቶ አንዳንዶች ለሕይወት፣ ሌሎች ለጥፋት አስቀድመው ተወስነዋል ብሎ አስተማረ። በዚህም የተነሣ በምዕራቡ ዓለም ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን በእነዚያ ጉባኤያት አልተቀመጠችም። ሆኖም ጌታችን ለሁሉ እንደ ሞተ፣ ጥሪውም ለሁሉ እንደ ተላለፈ፣ ሰውም በተሰጠው ነጻ ፈቃድ ጥሪውን ሊቀበል ወይም ሊንቅ እንደሚችል ስታስተምር ኖራለች። የእግዚአብሔር አስቀድሞ ማወቅ ማስገደድ አይደለም። ከአራተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሜ አንድ ልጅ ወደ ጕድጓድ እየሮጠ መሆኑን ባይ፣ ማየቴ ልጁን አልገፋውም። እግዚአብሔር ግን ከበረንዳ ላይ ቆሞ እንደሚመለከት ሰው ዝም ብሎ የሚያይ አይደለም። ይጣራል፤ መልእክተኛም ይልካል፤ አንዳንድ ጊዜም መልእክተኛው ትል ይሆናል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ገድሉና ስንክሳሩ እንደሚነግሩን፣ ከዚህ በኋላ እግዚአብሔር ሦስት አዕዋፍን ከኤዶም ገነት ወደ ያሬድ ላከ። በሰው አንደበት ተናገሩት፤ እርሱም ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ተነጥቆ የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ማኅሌት ሰማ። ወደ አክሱም ጽዮን በተመለሰ ጊዜም በታቦተ ጽዮን ፊት ቆሞ በታላቅ ድምፅ ዘመረ። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ዐይነቶች በዚህ መንገድ ተሰጡን። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የእርሱ የድርሰት ሥራዎች ናቸው።

አዕዋፉ የመጡት ያሬድ በትጋቱ ስለ ገዛቸው አይደለም። ስጦታ ናቸውና ዋጋ አይተመንላቸውም። ይሁን እንጂ ስጦታው ወደ ቀጣዩ ትውልድ የተላለፈው እንዴት ነው ብለን እንጠይቅ። ለያሬድ ደቀ መዛሙርት ሌላ አዕዋፍ አልተላኩላቸውም፤ ከመምህር አፍ እየሰሙ መማር ነበረባቸው። በ16ኛው መቶ ዓመት ከግራኝ ጦርነት ጥፋት በኋላ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክቶች እንዳደራጁ ይነገራል። ከዚያም ወዲህ በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ለማስመስከር የሚሹ ደቀ መዛሙርት ደበሎ ለብሰው፣ ቍራሽ ለምነው፣ ሌት ተቀን ቀለም እየቀጸሉ ብዙ ዓመት ይደክማሉ። ከሰማይ የወረደው ዜማ እስከ እኛ የደረሰው በትሉ መንገድ ነው፤ እየወደቁና እየተነሡ።

የያሬድ መመረጥ ከሥቃይም አላዳነውም። በአንድ ወቅት በዐፄ ካሌብ ልጅ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲዘምር፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ማኅሌቱ እስኪፈጸም ድረስ ንጉሡም ያሬድም አልታወቃቸውም። ደሙ ሲፈስ ባየ ጊዜ ንጉሡ ደነገጠ፤ ስለ ደሙ ካሣ የሚፈልገውን ሁሉ እንዲለምነው ጠየቀው፤ እንደማይከለክለውም ቃል ገባለት። ያን ጊዜ ያሬድ ርስትም ሹመትም ሊለምን ይችል ነበር። ከዚህ ሁሉ ክብር ተለይቶ በገዳም እንዲኖር ያሰናብተው ዘንድ ለመነ። ንጉሡ እያዘነ ቃሉን ጠበቀ። ያሬድም በታቦተ ጽዮን ፊት አንቀጸ ብርሃንን አድርሶ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። በዚያም በጾምና በጸሎት፣ በማስተማርም ኖረ። መታሰቢያውም በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን ይከበራል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያሬድ ከአዕዋፉ በኋላም ፈቃዱ አልተወሰደበትም። በማይ ኪራህ ዛፍ ሥር ሳለ እንደ መረጠ፣ በንጉሥ ፊትም ቆሞ መረጠ። እግዚአብሔር የመረጠው ሰው ምርጫ የሌለው ሰው አይሆንም፤ እንዲያውም ከሌላው ይልቅ የሚጠየቅበት ይበዛል። ይሁዳም ከዐሥራ ሁለቱ አንዱ ሆኖ ተመርጦ ነበር፤ መመረጡ ግን በግድ አላቆየውም። በጌታ ቀኝና ግራ የተሰቀሉት ሁለቱ ወንበዴዎችም ከመስቀሉ እኩል ይርቁ ነበር፤ አንዱ ለመነ፣ አንዱ ዘለፈ።

ደግሞም ያሬድ ሲመረጥ ያ ሁሉ ባልንጀራው ተጣለ ማለት አይደለም። ዜማው ለእርሱ የተሰጠው እርሱ ብቻ ይዘምረው ዘንድ ሳይሆን ለሁሉም እንዲያካፍለው ነው። ቀድሞ የሣቁበት ልጆች ካህናት ሆነው ከሆነ የዘመሩት የእርሱን ዜማ ነው። ለእግዚአብሔር አገልግሎት መመረጥ ከሌላው መብለጥ ሳይሆን ለሌላው ባለ ዕዳ መሆን ነው።

ከዚህ በመነሣት ለራሴም ለወንድሜም መልስ አግኝቻለሁ። የፈተና ወረቀት የሕይወት መጽሐፍ አይደለም። እኔ በማለፌ ለመንግሥተ ሰማያት አልተመረጥሁም፤ እርሱም በመውደቁ ከዚያ አልተሰረዘም። በአክሱም ትምህርት ቤት ቢሆን ኖሮ ከሚሥቁት ልጆች መካከል የምገኘው እኔ እሆን ነበር። ትሉን ለማየት የቀረበው ግን ከዛፉ ሥር ተቀምጦ የሚያለቅሰው ነው።

ያልገባኝ ነገር የለም አልልም። ሁለት ሰዎች አንድ ጥሪ ሰምተው አንዱ ሲነሣ ሌላው የሚቀርበትን የልብ ምሥጢር መርምሮ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። የእኛ ድርሻ ግን ግልጥ ነው። አልተመረጥሁም የሚል ሰው ያልተነበበለትን ደብዳቤ አስቀድሞ የሚቀድድ ነው። ተመርጫለሁ ብሎ የሚተኛም ደብዳቤውን ተቀብሎ መልስ የማይጽፍ ነው። የመጀመሪያው ተነሥቶ ይመለስ፤ ሁለተኛውም ወርዶ ወንድሙን ይፈልግ።

እኔ ሁለተኛው ነኝ። ይህ ጽሑፍ ተባዝቶ ሲወጣ አንዱን ይዤ የወንድሜን በር አንኳኳለሁ። በርታ ብዬው ለመመለስ አይደለም፤ በሚቀጥለው እሑድ አብሬው ወደ ጉባኤያችን ለመምጣት ነው። እሺ ማለትና አለማለት የእርሱ ፈቃድ ነው። ማንኳኳቱ ግን የእኔ ዕዳ ነው፤ እስከ ዛሬም ዘግይቻለሁ። ከእናንተም መካከል እንዲህ የቀረ ወንድም ወይም እኅት ያለው ቢኖር እንዲሁ ያድርግ።

የቅዱስ ያሬድ በረከት በሁላችን ላይ ይደር። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።