ማይክል ፋራዴይ እና ቀዩ ወርቅ

ማይክል ፋራዴይ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ኤሌክትሪክ ነው። ልክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1831 ማግኔትን በማንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ማመንጨት እንደሚቻል አሳይቷል። እኔ ግን የማወራችሁ ብዙም ስለማይነሳለት ሥራው፣ ስለ ወርቁ ነው።

ፋራዴይ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 ለንደን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ በሽታ ስለሚያጠቃው ቤቱ ችግር አያጣውም። ልጁ በትምህርት ቤት የቀሰመው ማንበብ፣ መጻፍና ጥቂት ሒሳብ ብቻ ነው። በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ሊማር ገብቶ ሰባት ዓመት ቆየ። ታዲያ የሚጠርዘውን መጽሐፍ ያነበውም ነበር። በ1812 የታዋቂውን ኬሚስት የሀምፍሪ ዴቪን ትምህርት ተከታትሎ፣ የያዘውን ማስታወሻ በገዛ እጁ ጠርዞ ላከለት። በ1813 በሮያል ኢንስቲትዩሽን የላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

ዕድሜው ከ60 ካለፈ በኋላ ብርሃን በወርቅ ላይ የሚያሳየውን ጠባይ ማጥናት ጀመረ። በውሃ የሟሟ የወርቅ ክሎራይድን ከፎስፈረስ ጋር ሲያገናኘው ፈሳሹ ቀላ። ወርቅ እኮ ቢጫ ነው! በማይክሮስኮፕ ቢያይ ቅንጣት አልታየውም። ጠባብ የብርሃን ጨረር ሲያሳልፍበት ግን የጨረሩ መንገድ ደምቆ ታየ፤ ጨው በሚገባ የሟሟበት ውሃ እንዲህ አያደርግም። ስለዚህ በፈሳሹ ውስጥ እጅግ ደቃቅ የወርቅ ቅንጣቶች እንደተበተኑ ደመደመ። ጨው ሲጨምርበት ደግሞ ቀዩ ወደ ሰማያዊ ተለወጠ። ይህንን ሁሉ በ1857 ለሳይንስ ሰዎች አቀረበ።

እነዚህን ቅንጣቶች ዛሬ ናኖ ቅንጣት እንላቸዋለን። አንድ ናኖ ሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። 20 ናኖ ሜትር ስፋት ባለው ድቡልቡል ወርቅ ላይ ብርሃን ሲያርፍ ነጻ ኤሌክትሮኖቹ አብረው ይወዛወዛሉ፤ አረንጓዴውን ይውጡና ቀዩን ያሳልፋሉ። ጨው ሲገባ ቅንጣቶቹ ስለሚያያዙ ቀለሙ ይለወጣል። ንጥረ ነገሩ ያው ወርቅ ሆኖ መጠኑ ብቻ ጠባዩን መቀየሩ፣ የዛሬው የቁሶች ምርምር አንዱ መሠረት ነው።

ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚል አይጠፋም። ከጭሮ ወደ ቆላው፣ ወደ ሚኤሶ እንውረድ። ታናሽ እህቴን እዚያ ትኩሳት ሲይዛት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጣቷን ወግታ አንዲት ጠብታ ደም በወባ መመርመሪያው ላይ አደረገች። ማይክሮስኮፕም መብራትም አላስፈለጋትም። ከ20 ደቂቃ በኋላ የወጣው ቀይ መስመር፣ ለካ በብዙዎቹ መመርመሪያዎች ላይ የወርቅ ናኖ ቅንጣት ነው! በወርቁ ላይ የተለጠፉት ፀረ እንግዳ አካላት የወባውን ፕሮቲን ይይዛሉ፤ በመስመሩ ላይ ያሉት ደግሞ እነሱን አስቁመው ያከማቿቸዋል። የፋልሲፓረምና የቫይቫክስ ሕክምና ስለሚለያይ የመስመሩ ቦታ የሚሰጠውን መድኃኒት ይወስናል።

ፋራዴይ እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1867 አረፈ። ካዘጋጃቸው የወርቅ ፈሳሾች ጥቂቶቹ እስካሁን ለንደን ውስጥ ተቀምጠዋል። ሥራው ግን አላለቀም። ብዙዎቹ መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ፕሮቲን የሌለው ፋልሲፓረም በሀገራችንም ተገኝቷል፤ እንዲህ ሲሆን ወባው እያለ መስመሩ ላይወጣ ይችላል። ወርቁ ቀለሙን ይሰጣል፤ ምን መያዝ እንዳለበት የሚመርጥለት ግን ሰው ነው። ለእኛ ለተማሪዎች የቀረው የቤት ሥራ ይኼ ይመስለኛል።