ቅዱስ አሎይስዮስ ጎንዛጋ፦ ከትምህርት ጉባኤ ወደ ሕሙማን ቤት

ቅዱስ አሎይስዮስ ጎንዛጋ እ.ኤ.አ. በ1568 በሰሜን ኢጣልያ፣ ካስቲልዮኔ በተባለች ከተማ ከመሳፍንት ቤተ ሰብ ተወለደ። የበኩር ልጅ በመሆኑ አባቱ ወታደርና የርስቱ ወራሽ ሊያደርገው አስቦ ነበር። እርሱ ግን በ1585 የመስፍንነቱን መብት ለታናሽ ወንድሙ ለሮዶልፎ ትቶ፣ በ17 ዓመቱ በሮም የኢየሱሳውያን ማኅበር የተመክሮ ቤት ገባ።

ከዚያ በኋላ የተማረበትን የሮም ኮሌጅ የመሠረተው ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ሲሆን ዘመኑም 1551 ነው። ትምህርቱ ያለ ክፍያ ይሰጥ ስለ ነበር የድኻም የመኳንንትም ልጅ በአንድ ጣራ ሥር ይማር ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ ሰፊ ሕንፃ አሠሩለት። በ1582 በታወጀው የዘመን አቆጣጠር ማሻሻያ የተካፈሉት የሒሳብ ሊቅ አባ ክላቪዩስም በዚያ ያስተምሩ ነበር። ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ተማሪዎች በየማደሪያቸው እየኖሩ ለትምህርት በአንድነት ይሰበሰባሉ፤ መምህሩ በላቲን ቋንቋ ያስተማረውን ይከልሳሉ፣ በጉባኤም ይከራከሩበታል።

አሎይስዮስ በዚህ ኮሌጅ ፍልስፍናን፣ ቀጥሎም ነገረ መለኮትን ተማረ። የነፍስ አባቱም ቅዱስ ሮቤርቶ ቤላርሚኖ ነበር። ቀድሞ አገልጋዮች ይታዘዙለት የነበረው ወጣት በማኅበሩ ወጥ ቤት ያገለግል ነበር።

በ1591 በሮም ረኃብና ተላላፊ በሽታ በተነሣ ጊዜ ኢየሱሳውያኑ የሕሙማን ቤት ከፈቱ። አሎይስዮስ በየመንገዱ እየዞረ ምጽዋት ለመነላቸው፤ ቀጥሎም ሕሙማኑን መሸከም፣ ማጠብና መመገብ ጀመረ። ይህ ሥራ ለባሕርዩ እጅግ ይከብደው ነበር፤ ሆኖም አልሸሸም። በሽታው ተጋብቶበት በዚያው ዓመት፣ ገና በ23 ዓመቱ ዐረፈ። በዓሉ በላቲን ሥርዓት ሰኔ 14 ቀን ይከበራል።

ነገረ መለኮቱን አልጨረሰም፤ ክህነትም አልተቀበለም። በዓለም ሚዛን ብንመዝነው ድካሙ በእንጥልጥል የቀረ ተማሪ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን በ1726 ቅድስናውን አወጀች፤ በ1729ም የተማሪ ወጣቶች ጠባቂ አደረገችው። በጉባኤ የሰማውን የፍቅር ትእዛዝ በሕሙማን ቤት ስለ ፈጸመ፣ ትምህርቱን ፈጽሟል ማለት እንችላለን።

ኮሌጁ ከ1873 ጀምሮ ጳጳሳዊ ጎርጎርዮሳዊ ዩኒቨርሲቲ እየተባለ ዛሬም ካህናትን፣ ደናግልንና ምእመናንን ያስተምራል። የአሎይስዮስ ዐፅምም በጥንቱ ኮሌጅ አጠገብ በተሠራው በቅዱስ ኢግናጥዮስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። እኛም በየቁምስናችን ትምህርተ ክርስቶስ የምናስተምር ሁሉ፣ ልጆቻችን የቃል ጥናታቸውን ካሰሙን በኋላ አንድ ጥያቄ እንጨምርላቸው፦ በዚህ ሳምንት በሰፈራችሁ የታመመውን ማን ጠየቀ?

የቅዱስ አሎይስዮስ ጸሎትና አማላጅነት ከተማሪዎቻችን ጋር ይሁን፤ አሜን።