ስታንፎርድ ሲጠብቀው ቬጋስ የቀረው ቺፕ ሪስ

ዴቪድ ሪስ ጠበቃ መሆን ነበረበት። ዳርትማውዝ ኮሌጅን ጨርሶ፣ የስታንፎርድ የሕግ ትምህርት ቤት ተቀብሎት ሳለ ላስ ቬጋስ ጎራ አለ። ኪሱ ውስጥ የነበረችው 400 ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ 66 ሺህ እንደደረሰች ይነገራል። ስታንፎርድም በዚያው ቀረ።

«ቺፕ» በሚለው ቅጽል ስሙ የታወቀው ሪስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ነው። ልጅ ሳለ ሩማቲክ ፊቨር ይዞት ከትምህርት ቤት ቀርቶ ቤት ሲውል፣ ካርታ ያስተማረችው እናቱ ነች።

ፖከር ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው ያለውን ሁሉ በአንዴ የሚያስይዘውን ተጫዋች ነው። ሪስ የተካነው ግን «ሊሚት» በሚባለው፣ በተለይም በሰባት ካርታው «ስተድ» ነበር። በሊሚት ማስያዣው የተወሰነ ነው፤ ለምሳሌ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች 100 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ 200። ጭማሪውም በዚያው ልክ ነው። እንግዲህ ምርጥ ካርታ ቢይዙም ተቃራኒን በአንድ ምት መዘረር የለም። ጥያቄው መቼ ልጨምር የሚለው ነው።

ሁለት ኪንግ የደረሰው ሰው ዝም ካለ፣ አራት አምስት ሰው በርካሽ ይከተለውና አንዱ የተሻለ ገጥሞለት ይበላዋል። ስለዚህ ወዲያው ጨምሮ ሰዉን ማሳነስ አለበት። ከጅምሩ ሦስት ኪንግ የገጠመለት ግን ቶሎ ከጮኸ ሁሉም ካርታውን ጥሎ ይሸሽበታል። ማስያዣው እጥፍ እስኪሆን መታገሱ ብዙ ጊዜ ያዋጣዋል። ደግሞ ስተድ ላይ ከሰባቱ ካርታ አራቱ ተገልጠው ይታያሉ። ሌላው ሰው ፊት አንድ ኪንግ ከተቀመጠ፣ በእጅ ያለው ጥንድ ዋጋው ወረደ ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ስሌት በሰከንዶች ውስጥ ነው የሚያልቀው።

ታዋቂው ዶይል ብራንሰን «ሱፐር ሲስተም» የተባለውን የፖከር መጽሐፉን ሲያዘጋጅ የስተዱን ምዕራፍ ያጻፈው ሪስን ነው። ሪስ በ1978 እና በ1982 በዓለም የፖከር ውድድር አሸንፏል፤ ሁለቱም ድሎች በስተድ ናቸው። ለውድድር ግን ብዙም ግድ አልነበረውም። እንጀራው የግል ጠረጴዛ ነበር። እዚያ ደግሞ ትልቁ ሀብቱ ሲበላ አለመናደዱ ነው። የተናደደ ሰው መጨመር በሌለበት ካርታ ይጨምራላ!

በ2006 ግን ለውድድር ተመለሰ። መግቢያው 50 ሺህ ዶላር (ለመግቢያ ብቻ!)፣ ተወዳዳሪው 143፣ ጨዋታው አምስት ዓይነት ሊሚት። የሚገርመው የመጨረሻው ጠረጴዛ ገደብ በሌለው ማስያዣ እንዲካሄድ ተደረገ። ሪስና አንዲ ብሎክ ብቻቸውን ቀርተው ሰባት ሰዓት ያህል ተፋለሙ። ብሎክ ከሃርቫርድ በሕግ የተመረቀ ነው። ሕጉን ትቶ ካርታ የመረጠው የ55 ዓመቱ ሪስ አሸንፎ 1,784,640 ዶላር ወሰደ።

ከዓመት ትንሽ ዘለል ብሎ፣ በታኅሣሥ 2007 (እ.ኤ.አ.)፣ የሳምባ ምች ምልክት ታይቶበት የነበረው ሪስ ላስ ቬጋስ ቤቱ ውስጥ እንደተኛ አረፈ። 56 ዓመቱ ነበር። በዚያው የ50 ሺህ ዶላር ውድድር ለአሸናፊው የሚሰጠው ዋንጫ በስሙ ተሰየመ።