ጎዶሎዋን ማዕዘን የሞሉት ሊቅ፦ አል-ኸዋሪዝሚ

አሰላ ውስጥ፣ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፓራቦላ ሲማሩ ቀመሩን ወደ ቨርቴክስ ቅርጽ እንዲቀይሩ ይታዘዛሉ። ብዙዎቻችን በዚያ ዕድሜ ደረጃዎቹን ሸምድደን አለፍን እንጂ ምክንያቱ አልገባንም። ትምህርቱም ከባዕድ የመጣ፣ እኛን የማይመለከት ይመስለን ነበር። ዛሬ ሕይወታቸውን የምንቃኘው ሊቅ ግን ይህን ግምት ያፈርሳሉ።

ሙሐመድ ኢብኑ ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ በ780 ዓመተ ልደት አካባቢ ተወለዱ። መጠሪያቸው ኸዋሪዝም ከተባለው የመካከለኛው እስያ ምድር ጋር ያያይዛቸዋል። ከ813 እስከ 833 በገዙት ኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን በባግዳዱ በይቱል ሒክማ አገለገሉ። በሥነ ፈለክና በጂኦግራፊ ጽፈዋል፤ የሕንድ ቁጥሮችንም አስተምረዋል። ስማቸውን ያገነነው ግን ስለ አል-ጀብር የጻፉት መጽሐፍ ነው። የተጻፈው ለሕዝብ ጉዳይ ነበር፦ ለንግድ፣ ለመሬት ልኬት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለውርስና ለኑዛዜ ክፍፍል። የሟችን ሀብት እንደ ሸሪዓው የሚያካፍል ሰው ያልታወቀውን መጠን ፈልጎ ማግኘት አለበትና።

አንዱን ምሳሌያቸውን በአርሲ ጓሮ እናስበው። አራት ጎኑ እኩል የሆነ የጎመን መደብ አለ፤ የጎኑ ርዝመት አይታወቅም። በሁለት ተያያዥ ጎኖቹ ላይ ወርዳቸው 5 እርምጃ የሆነ ቁራሽ መሬቶች ተጨመሩ። ጠቅላላ ስፋቱ 39 ካሬ እርምጃ ሆነ። ቅርጹ ግን ማዕዘኑ ላይ ጎዶሎ ነው። ክፍተቱ 5 በ5፣ ማለትም 25 ነው። ሲሞላ 64 ይሆናል፤ የትልቁ ካሬ ጎን 8 ነው፤ 5 ሲቀነስ የመደቡ ጎን 3 ሆኖ ይገኛል።

ዘዴው በጥንት ባቢሎናውያን ዘንድም ይታወቅ ነበር። እሳቸው ግን በሥርዓት አደራጅተው፣ በቅርጽ አስረድተው አስተማሩት።

የልጆቻችን ደብተር ላይ ያለውም ይኸው ነው። የቁጥሩ ካሬ፣ ሲደመር 10 እጥፉ፣ ሲቀነስ 39 የሚለው ቀመር ማዕዘኑ ሲሞላ (ቁጥሩ + 5)² − 64 ይሆናል። ካሬ ከዜሮ በታች ስለማይወርድ ዝቅተኛው ዋጋ −64 ነው፤ የሚገኘውም ቁጥሩ −5 ሲሆን ነው። የፓራቦላው ቨርቴክስ እዚያ ነው። አል-ኸዋሪዝሚ ግራፍ አልሳሉም፣ ኔጌቲቭ መልስም አልተቀበሉም፤ ግራፉ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ መጣ። መሠረቱ ግን ያቺ የተሞላች ማዕዘን ናት።

ሊቁ በ850 አካባቢ አረፉ። መጽሐፋቸው በ1145 ወደ ላቲን ተተረጎመ። አልጀብራ የሚለው ቃል ከመጽሐፋቸው ርዕስ፣ አልጎሪዝም የሚለው ደግሞ ከስማቸው የመጣ ነው።

ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ልጆቻችን ሒሳብ አይገባንም ብለው ተስፋ ሲቆርጡ በቅድሚያ መደቡን እንሳልላቸው። ቀመሩ ይከተላል፣ ኢንሻአላህ። አላህ ለሊቁ ይዘንላቸው።