ሆኒንቦ ሹሳይ

ሆኒንቦ ሹሳይ (እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 1874 – ጃንዩዌሪ 18 ቀን 1940) ጃፓናዊ የ«ጎ» ጨዋታ ሊቅና የሆኒንቦ ቤት 21ኛውና የመጨረሻው አለቃ ነበሩ። የልደት ስማቸው ታሙራ ያሱሂሳ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

በቶክዮ ተወልደው በልጅነታቸው ሆኤንሻ የሚባለውን የጎ ማኅበር ገቡ። ከዚያ ከወጡ በኋላ ኮሪያዊው ስደተኛ ኪም ኦክ ጊዩን ከሆኒንቦ ሹኤ ጋር አስተዋወቃቸው። ሹኤ በ1907 ሲያርፉ በውርሱ ላይ ክርክር ተነሣ፤ ሹሳይ በ1908 አለቅነቱን ያዙ። በ1914 «ሜይጂን» የተባለውን ከፍተኛ ማዕረግ አገኙ።

በዘመናቸው የጃፓን ጎ ይፋዊ የተጻፈ ሕግ አልነበረውም፤ ክርክር ሲነሣ የሚዳኘው ልማድና የሜይጂኑ ቃል ነበር። አስቸጋሪው ነገር «ኮ» ነው፦ ሁለቱ ተጫዋቾች አንዳንድ ጠጠር እየተፈራረቁ ያለ ማቋረጥ ሊበላሉ የሚችሉበት ቦታ። ሰሌዳው እየተደጋገመ ጨዋታው ማለቂያ እንዳያጣ፣ የተበላበት ወገን ወዲያውኑ መልሶ መብላት አይፈቀድለትም። መጀመሪያ ሌላ ቦታ መጫወት አለበት፤ ስለዚህ ተቃዋሚው ዝም ብሎ የማያልፈው ማስፈራሪያ ይፈልጋል። ወደ ፍጻሜው ሲደረስ ደግሞ የሚጠቅም ቦታ ያጣ ሰው ተራውን ያልፋል። በጃፓን ቆጠራ በራስ ግዛት ውስጥ የተቀመጠ ጠጠር አንድ ነጥብ ያሳጣል። እንግዲህ ብዙ ማስፈራሪያ ያለው ተጫዋች ኮውን ሳይደፍን ተራውን ማለፍ ይችላል ወይስ የመድፈን ግዴታ አለበት? በተቀራረበ ጨዋታ አሸናፊውን የሚለውጠው ይህ ነው። በቻይና ቆጠራ ግን ጠጠሩም ግዛቱም ስለሚቆጠር የራስን ቦታ መድፈን ነጥብ አያስቀንስም።

በ1928 ሴጎኤ ኬንሳኩና ታካሃሺ ሺጌዩኪ ሲጫወቱ «የዐሥር ሺህ ዓመት ኮ» ሰሌዳው ላይ ቀረ፤ ጀማሪው ብዙ ስለሚያጣ ማንም የማይቸኩልበት ዓይነት ነው። ከቆጠራው በፊት ይፈታ ወይስ እንዳለ ይተው በሚለው አልተስማሙም። ሹሳይ ነጩ አሸንፏል፣ ጥቁሩ ግን አልተሸነፈም ብለው ፈረዱ። ፍርዱ ሁለቱንም ወገን ላለማስቀየም የተበጀ ይመስላል፤ ለሚቀጥለው ተጫዋች የሚሆን ደንብ ግን አልወጣውም።

በ1938 ከኪታኒ ሚኖሩ ጋር ያደረጉት የስንብት ግጥሚያ ከጁን እስከ ዲሴምበር ቆይቶ በ5 ነጥብ ተሸነፉ። ግጥሚያውን ለጋዜጣ የዘገበው ደራሲ ካዋባታ ያሱናሪ ኋላ ልብ ወለድ ጻፈበት። ሹሳይ የሆኒንቦን ስም ለኒሆን ኪኢን ማኅበር አስረክበው ስለነበር ማዕረጉ ከዚያ በኋላ በውድድር የሚገኝ ሆነ።

በ1940 አታሚ ከተማ ውስጥ አረፉ። በ1948 ጎ ሴይገንና ኢዋሞቶ ካኦሩ የመጨረሻውን ኮ በመድፈን ግዴታ ላይ ሲከራከሩ ቃሉ የሚጸና ሜይጂን አልነበረም። ኒሆን ኪኢን በ1949 ሕጉን በጽሑፍ አወጣ።